ከብቶቹ የላሱት መጋረጃ

ባለፈው ሰሞን እግሩ የወለቀ ወንበር ላስጠግን አንድ አናጺ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሽማግሌ ነው፤ ዛሬም ኮላውን የሚያፈላው እንደ ድሮው ከቆዳ ቁርጥራጭ ነው። ሽታው ገና ከበር ይቀበላል። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ይወጣ ነበር፤ እኔ ግን ወንበሩን ከእጄ ትቼ ያገኘሁት ሣጥን ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው አሟት ነው ብሎ ውሃ አቀረበልኝ። አላመመኝም። በሐሳቤ ሮቤ ደርሼ ነበር፤ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል፣ የኮላ ጣሳ እያማሰልኩ።

ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ ሮቤ ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ እኔም ጨርቅ ስለካና ስቀድ ነው ያደግሁት። ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሲያቋቁም ወጣት የተባለ ሁሉ ተመዘገበ። ዘመኑ የመመዝገብ ዘመን ነበር፤ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ለዘፈን ፈተኑኝና ከሁለት መስመር በኋላ በቃሽ አሉኝ። ለጭፈራም ቆምኩ፤ ትከሻዬ እሺ አላለም። በመጨረሻ ጽሕፈቷ ጥሩ ነው ተብሎ የስም ዝርዝር ያዥ አደረጉኝ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ዘገየ እያልኩ መጻፍ ነው ሥራዬ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የበለጠ የሚስማማኝ ነገር አልነበረም። ቁጭ ብዬ ሰው ሲሠራ ማየት እወዳለሁ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሦስቱ ጓደኞቼ ሆኑ። አንዱ ክራር መቺው ነው። ወፍጮ ቤት ስለሚሠራ ልምምድ የሚመጣው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ነበር። ክራሩን የሠራው ራሱ ነው፤ ሆዱ የዘይት ቆርቆሮ፣ ጅማቶቹ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ የተመዘዙ። ሁለተኛዋ ግጥም የምትጽፍልን ልጅ ናት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ስለ ምርት ዕድገት ግጠሚ ትባላለች፣ ትገጥማለች፤ ነገር ግን መሃሉ ላይ ስለ እናቷ እጅ ወይም ስለ ሐምሌ ንፋስ አንዲት መስመር ሹልክ አድርጋ ታስገባለች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ያችኑ መስመር ሲሰማ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው ዝም ይላል።

ሦስተኛው ሠዓሊው ነው። ዲንሾ ገጠር፣ አያቱ ዘንድ ነበር ያደገው። ገብስና ጭጋግ ሲያይ አድጎ ሮቤ ሲመጣ ግድግዳ ያገኘ ይመስል ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ በከሰል ይሥል ጀመር። አባቱ የእህል ነጋዴ ነበሩ፣ ሰላታቸውን የማያሳልፉ፣ ቃላቸው የታመነ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ነፍስ ያለው ነገር እንዳትሥል ብለውታል፤ እሱም ቃላቸውን ጠብቆ ሰው አይሥልም፣ በሬም አይሥልም፣ ወፍ እንኳ አይሥልም። መሬት፣ ቤት፣ አጥርና ደመና ብቻ። አባትየውን ግን ይህም አላስደሰታቸውም። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት፣ ጆንያ እየቆጠሩ ሳለ፣ ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉት።

«ይህ ሥራ ነው የሚል አንድ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ ዝም እላለሁ። ከሌለ ክረምቱ ሲወጣ ጊኒር ወርደህ መጋዘኑን ትይዛለህ።»

ሠዓሊው እሺ አባዬ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁላችንም የክረምቱን ማለቅ እንፈራው ጀመር።

የሚያውቅ ሰው የሚመጣ መሆኑን የሰማነው ሰኔ ላይ ነው። ጎባ ላይ የኪነት ቡድኖች ውድድር ሊደረግ ነው፣ ከአዲስ አበባ ዳኛ ሊመጣ ነው፣ ዳኛው ደግሞ ራሱ ሠዓሊ ነው ተባለ፤ ሲመለስ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ፈተና የሚሆኑ አንድ ሁለት ወጣቶች መርጦ ይሄዳል። ለኛ ቡድን የመድረክ መጋረጃ የሚሥለው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ያ መጋረጃ ከተወደደ አባትየው የሚሹት ምስክር ተገኘ ማለት ነው። ካልተወደደ ጊኒር ነው።

አቡጀዲ በራሽን ስለነበር ጆንያ ለመንን። አሥራ ሁለት ጆንያ ተርትሬ እርስ በርስ ሰፋሁት፤ ኮላ ከማማሰል ሌላ ለሥዕሉ ያደረግሁት ነገር ይህ ብቻ ነው። ቀለም ለማግኘት ግን ተቸገርን። ቀበሌው ለመፈክር ያስመጣው የዘይት ቀለም ነበረው፣ ቀይና ጥቁር፤ ከእሱ የተሰጠን አንድ ትራክተር የሚያስቀባ ያህል ብቻ ነበር። መጋረጃው ላይ ትራክተር ይኑር የሚለው የሊቀ መንበሩ ትዕዛዝ ነው። ሠዓሊው ሣለው፤ ሰው ስለማይሥል ግን ሾፌር የለውም። ሊቀ መንበሩ ሾፌሩስ ሲለው ምሳ ሊበላ ሄዷል አለው።

የቀረውን ቀለም ራሱ አበጀው። ቢጫውን መንገድ ሲቆረጥ ከወጣው አፈር፣ ጥቁሩን ከከሰል፣ ነጩን ደግሞ ቦሌ ከሚሉት አፈር። ቦሌ ከብት እየተነዳ ሄዶ የሚልሰው ጨዋማ አፈር ነው። ደርቆ ሲወቀጥ ደስ የሚል ፈዛዛ ነጭ ይወጣዋል። እኔ አፈር መሆኑን እንጂ ሌላ ነገሩን አላውቅም፤ የሱቅ ልጅ ነኝ። እሱ ደግሞ ቦሌ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ አለ ብሎ አላሰበም። በኮላ እየለወሰ ጭጋጉን፣ የገብሱን ዛላ፣ የቤቱን ግድግዳ በሙሉ በእሱ ሠራው። እኔ ኮላውን አማስላለሁ፣ ክራር መቺው በር ላይ ተቀምጦ ጅማት ያጠብቃል፣ ገጣሚዋ የጻፈችውን ታነባለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚሠራውን ሳይ ቆይቼ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ አላልኩትም። ቢጫው እጅህ ላይ ቀርቷል፣ ታጠብ እለው ነበር።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭነን ወደ ጎባ ወጣን። መጋረጃውን ጠቅልለን ከላይ አስቀመጥነው። መንገድ ላይ ካፊያ መታንና ስንደርስ ጫፍ ጫፉ ርሶ ነበር። የውድድሩ አዳራሽ ጓሮ ፀሐይ ወጥቶ ስላየሁ እስከ ከሰዓት ይድረቅ ብዬ አጥሩ ላይ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ሠዓሊው እግሩን ሊያፍታታ ከገጣሚዋ ጋር ወደ ገበያ ሄዶ ነበር። እኔም ልጠብቀው ቆሜ ሳለሁ የተወዳዳሪ ስም ዝርዝር አስረክቢ ብለው ጠሩኝ። ሰው ሳይሰርቀው እመለሳለሁ አልኩ። የፈራሁት ሌባ ነው።

የገበያ ቀን ነበር። ስመለስ አራት ከብቶች አጥሩ ሥር ተሰልፈው ቆመዋል፤ ድምፃቸው ይሰማ ነበር፣ የሸካራ ምላስ ድምፅ፣ ጆንያ ሲፈገፈግ። ጮኼ ሮጥኩ። አንዷ ላም ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ጭጋጉን ትልሰው ጀመር። ባለቤቱ ሽማግሌ በዱላቸው እየገፉ አራቋቸውና ተቆጡኝ፣ ከብቶቹን ሳይሆን እኔን።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቦሌ አጥር ላይ ሰቅለሽ ከብት ምን ያድርግ?» አሉኝ።

ሥዕል ነው አባባ አልኳቸው። ጠጋ ብለው አዩት። ትራክተሩ ብቻ ነበር የቀረው፤ የዘይት ቀለም ስለሆነ ከብቶቹ አልነኩትም። ቀይ ትራክተር፣ ሾፌር የሌለው፣ እርጥብ ጆንያ መሃል ቆሞ። አንዳንድ ቦታ የአጥር እንጨትና የጣሪያ መስመር ይታያል፤ ከሥር በከሰል የተነደፈው የቀረ። ጭጋጉ የለም፣ ገብሱ የለም፣ ቤቱ ግማሹ የለም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ አላህ ይተካላችሁ ብለው ከብቶቻቸውን ነድተው ሄዱ።

ሠዓሊው ሲመጣ አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መጋረጃውን በእጁ ዳስሶ፣ ጣቱን ቀምሶ፣ «ጨው የቀባሁበት እኮ ራሴ ነኝ» ብሎ ወደ ቶጎና ወንዝ ወረደ። ገጣሚዋ ተከተለችው። እኔና ክራር መቺው መጋረጃውን መድረክ ላይ ሰቀልነው፤ ባዶ ግድግዳ ከሚሆን ብለን ነው። ክራር መቺው ከመድረኩ ጥግ ተቀምጦ ጅማቱን ማጥበቅ ጀመረ።

ዳኛው የገባው ያኔ ነው። መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ብርድ የበዛበት ሰው ነበር፤ ካፖርቱን አላወለቀም። የየቡድኑን ዝግጅት አስቀድሞ ሊያይ ነው የመጣው። መጋረጃችን ፊት ቆመና ይህ ምንድን ነው አለ። ክራር መቺው ወደ እኔ ጠቆመ። ከብት ላሰው አልኩት። አልሳቀም፤ ምን ነበረበት ብሎ ጠየቀኝ።

እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም። እዚህ ጋ ጭጋግ ነበረ አልኩ። ከሳነቴ ደጋ ወርዶ የገብሱን ግማሽ ብቻ የሸፈነ። ጭጋጉን ነጭ ብቻ አላደረገውም፣ ከሥሩ ከሰል ነካ ያደርግበታል፣ ስለዚህ ሲያዩት ይበርዳል። ገብሱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን አልተኛም፤ ንፋስ ሁለት ጊዜ ሲመታው እንደሚሆነው መሃሉ ላይ የተለየ ነው። አጥሩ ላይ አንድ እንጨት ወድቋል፤ ይህ ልጅ ሁልጊዜ ከአጥሩ አንድ እንጨት ጥሎ ነው የሚሥለው፣ ምክንያቱም ሙሉ አጥር ያለው ቤት በአካባቢያችን የለም። ጣሪያው ላይ የወጣውን ጭስ በጣቱ ነው የሠራው፣ በብሩሽ አይደለም። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየሄድኩ፣ ባዶ ጆንያ እየጠቆምኩ፣ የነገርኩት ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ። ይህን ሁሉ ማየቴን ያወቅሁት ስናገረው ነው። ክራር መቺው ጅማቱን ትቶ ያዳምጠኝ ነበር።

ዳኛው ሰማኝና «ሰውስ?» አለ። «ይህን ሁሉ መሬት ሠርቶ አንድ ሰው አላስገባበትም?»

 የአባትየውን ትእዛዝ ብነግረው ይህ ልጅ ሰው መሣል አይችልም ብሎ ይተወዋል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዋሸሁ።

«ነበረች» አልኩት። «በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ጭጋጉ እስኪገልጥ የምትጠብቅ። እሷንም ላሷት።»

በዚህ መሃል ገጣሚዋ ሠዓሊውን ይዛው ገባች። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ዳኛው እሱ መሆኑን ሲያውቅ ሰላም አለውና ከሰል ይዘሃል ወይ አለው። ይዟል፤ ከኪሱ ጠፍቶ አያውቅም። እንግዲያውስ ሴትየዋን መልሳት አለው።

ሠዓሊው ዞሮ አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዓይኔን ልመልስ ፈልጌ አልቻልኩም።

«በሩ አጠገብ የነበረችውን» አልኩት። «ጭጋጉ እስኪገልጥ የምትጠብቀውን።»

 አሁን የለችም ይላል፣ እኔም አልቅሼ እወጣለሁ ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ መጋረጃው ሄዶ፣ ከብቶቹ ንጹሕ አድርገው በላሱት ቦታ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ከሰሉን አሳረፈ። አንድ መስመር ከትከሻ እስከ ተረከዝ። ከዚያ ነጠላዋ፣ ከአንድ ወገን ሸርተት ያለ። አንድ እጇ የበሩን መቃን ይዟል፤ ክብደቷ አንድ እግሯ ላይ ነው፣ ብዙ የቆመች መሆኗ ያስታውቃል። ጀርባዋን ነው የሰጠችን፤ ፊቷ ወደ መስኩ ነው። በአካባቢያችን ያሉ ሴቶች ሁሉ እንዲያ ቆመው አይቻቸዋለሁ፣ ግን እንዲያ መቆማቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ስሙን ጻፊልኝ አለኝ። ስም መጻፍ ሥራዬ ስለነበር ጻፍኩለት።

ከሰዓት የቡድናችን ልጆች ከዚያች ሴትና ከዚያ ትራክተር ፊት ቆመው ዘፈኑ። ሁለተኛ ወጣን። አንደኛ ማን እንደወጣ ረስቻለሁ።

ደብዳቤው ማኅተም ይዞ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አባትየው እንዳነብላቸው ወደ እህል መጋዘኑ አስጠሩኝ። ልጁ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፣ ለፈተና ይላክ የሚል ነበር። ደግመሽ አንብቢው አሉኝ፣ ደገምኩት። የጻፈው የሚያውቅ ሰው ነው ወይ አሉኝ። የሚያውቅ ነው አባባ፣ ኑሮው ሥዕል ነው አልኳቸው። ጆንያው ላይ ተቀምጠው ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲህ ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። «አላህ መንገዱን ያቅናለት።»

የሄደ ዕለት ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሦስታችንም ወጥተን ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ክራር መቺው ዱቄቱን ሳያራግፍ ከሥራ ነው የመጣው፤ ገጣሚዋ የታጠፈ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። እኔ ምንም አልያዝኩም ነበር። ለዳኛው ያልኩትን ሁሉ፣ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ወደቀው እንጨት፣ ለራሱ ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ ሌሊቱን ሳጠናው አድሬያለሁ። እሱ ያን ጊዜ ወንዝ ዳር ስለነበር አልሰማኝም። ፊቱ ስቆም ግን አፈርኩ። በምትኩ ያቺን ሴት ለምን ጀርባዋን አሰጠሃት፣ ፊት የላትም እንዴ አልኩት።

ሳቀ። «ፊቷን አንቺ መቼ ነገርሽኝ?» አለ።

እኔም ሳቅሁ። ሹራብ ይዘሃል ወይ አልኩት። ይዣለሁ አለ። አውቶቡሱ ሄደ።

ፈተናውን አለፈ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈልን፤ ሰው መሣል እየተማረ መሆኑን ለአባቱ እንዳንነግር ለመነን፣ አልነገርንም። ከዚያ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ተማሪው ወደ ጦር ግንባር ሲዘምት እሱም ዘመተ። መንግሥት ተለወጠ። የተመለሰ ተመለሰ፤ ገጣሚዋ ትዳር ይዛ ወደ ሌላ አገር ሄደች፣ እኔ የአባቴን ሱቅ ያዝኩ። ከደጅ ሰው ሲገባ ሁሉ ቀና የማለት ልማድ ተጠናወተኝ።

አንድ ቀን ክራር መቺው ወደ ሱቅ መጣ። ዱቄት አልነበረበትም፤ ያን ዕለት ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ነው የመጣው፣ ስለዚህ ገና ሳይናገር አወቅሁ። ከሠዓሊው ጋር የዘመተ ልጅ ተመልሶ መሞቱን ለአባቱ ነግሯቸው ነው። የት እንደወደቀ እንኳ በትክክል አይታወቅም። ክራር መቺው ይህን ብሎ እጁን የጨርቅ ጥቅል ላይ አሳርፎ ቆመ፤ መቀመጥም መሄድም አቃተው።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ገዢዎች ነበሩ። ያፍራል፣ አፍራለሁ ብዬ አላሰብኩም። አንተ ከመምታትህ በፊት ጆሮህን ክራሩ ላይ አስደግፈህ የምትቆያት ጊዜ አለች አልኩት፣ እኛ ሁላችን ትንፋሻችንን የምንይዘው ያኔ ነው፣ አንተ ግን አታየንም። በሦስተኛው ጅማት ላይ ስትመጣ ታዘገማለህ፤ ሌላው ሁሉ የሚሮጥበት ቦታ ላይ አንተ ታዘገማለህ፣ ዘፈኑ የሚያሳዝነው በዚያ ምክንያት ነው። ወፍጮ ቤት ደክሞህ በመጣህ ቀን የምትመታው ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር። ገዢዎቹ ጨርቁን ይዘው ቆመው ይሰሙኛል። እኔ እያለቀስኩ እናገራለሁ። እሱ ወደ መሬት እያየ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ይህን ሁሉ ያኔ ታውቂው ነበር?» አለኝ።

አውቀው ነበር አልኩት።